«ቱርቦ ነው፣ ሐረጎን አይፈራም» ተብዬ የገዛሁት መኪና

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ወልድያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ያገለገለ ቅንጡ የቤት መኪና ልትገዙ ከደላላ ጋር እየዞራችሁ ከሆነ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት። እኔና ባለቤቴ ስድስት ዓመት ያጠራቀምነው ብር ነው የሄደው። ሌላ ሰው እንዲደግመው አልፈልግም።

በውሸት ብሸወድ ኖሮ ብዙም አልጽፍም ነበር። እኔን የያዘኝ እውነት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት አንስቶ ደላላው እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ቱርቦ ነው። ሐረጎን እንደ ሜዳ ነው የሚወጣው። ቱርቦ የሌለው መኪና ደሴ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።» ቤት ገብቼ አጣራሁ። ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ልቤ ያን ዕለት አረፈ። መጠርጠርም ያቆምኩት ያን ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ከቤንዚኑ ጋር አየር ይፈልጋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ፒያሳ ሲደርስ የሚቀረው 150 ገደማ ነው። ቱርቦ ይህን ይክሳል። ወደ ማርሚታ የሚሄደው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው መዘውር ደግሞ አየር እየጠቀጠቀች ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አልፍሬድ ቡቺ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ለአውሮፕላን ሊጠቀሙበት ሲያስቡ፣ ሞተሩን ፓይክስ ፒክ የሚባል 4,300 ሜትር የሚደርስ ተራራ ላይ አውጥተው ነው የሞከሩት። ቱርቦ ለደጋ ሰው እውነተኛ ጥቅም አለው።

ደላላው ያልነገረኝ ሌላውን ግማሽ ነው። ያ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ነው የሚሽከረከረው። ተሸክሞት ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ፣ ካነሰ ወይም ዓይነቱ ካልሆነ ዘንጉ መበላት ይጀምራል። አየሩ በሳሳበት ቦታ ደግሞ ያንኑ ጉልበት ለመስጠት ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ ይበልጥም ይግላል። እኛ አገር የሚጠቅመን ነገር እኛው አገር ነው ቶሎ የሚያልቀው። ስለዚህ «ቱርቦ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይፈይድም። «ቱርቦው በማን እጅ፣ በምን ዘይት ኖረ?» ነው ጥያቄው።

አሁን የገዛሁበትን ቀን ልንገራችሁ። የኔን ስህተት አንድ በአንድ እዩት።

ቀጠሯችን ኮምቦልቻ ነበር። ስንደርስ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቀናል። «አሁን ከእጥበት መምጣቱ ነው» አሉን። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ያብረቀርቃል፤ አንድ የዘይት ጠብታ የለም። የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ፤ ዘይቱ ማር ይመስላል። ደስ አለኝ። አብሮኝ የሄደው ልጅ የኮምፒውተር መመርመሪያ ሰክቶ «ምንም ስህተት አይታይም» አለ። ወደ ሐርቡ ትንሽ ነዳሁት። ረጋ ያለ፣ ድምፅ የማይሰማበት፣ የቆዳ ወንበሩ የሚመች መኪና ነው። «እስቲ ሐረጎን እንውጣበት» ስል «ቤንዚኑ አልቋል፣ ማደያው ደግሞ ሰልፍ ነው፣ ሌላ ቀን» አሉኝ። ሌላ ቀን አልመጣም። 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ተከፈለ፣ ሊብሬውን ተቀበልኩ፣ ስም ለማዞር ሄድን።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴን ለዓይን ሕክምና ወደ ደሴ ይዣት ስወጣ ሐረጎ ላይ ነበር። ከኩርባው ወጥቼ ነዳጅ ስረግጥ ከሩቅ እንደሚመጣ አምቡላንስ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ ከራሴ መኪና ነው። ቀጥሎ የሞተሩ መብራት በራ። መኪናው ጉልበት አጣ። ጭነት የያዘ አይሱዙ ጥሩንባ ነፍቶ አልፎን ሄደ። እናቴ ከኋላ «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለችኝ። በመስታወት ሳይ መንገዱ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል።

ደሴ ያለው መካኒክ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፈታና «ጣትህን አስገባ» አለኝ። መዘውሯን ነካኋት። እንደ ወላቃ ጥርስ ትነቃነቃለች። የምላጮቿ ጫፍ ከቤቷ ግድግዳ ጋር እየተፋጨ ተበልቷል። ቱቦውን ሲያዘነብለው ጥቁር ዘይት መዳፌ ላይ ተንጠፈጠፈ። «አብሽር፣ አንተ አይደለህም የገደልከው» አለኝ። «ይሄ ሲሸጥልህም ሞቷል።»

ከዚያ ሁሉን ገለጠልኝ። ሞተሩ ተነስቶ የጠበቀን በብርድ ሲነሳ የሚያጨሰውን እንዳናይ ነው። ማር የመሰለው ዘይት ጭስ እንዲቀንስ የተጨመረ ወፍራም ዘይት ነው፤ ለዚያ ሞተር የታዘዘው ቀጭን ሲንተቲክ ነው። መመርመሪያው ስህተት ያላሳየው ደግሞ ያን ጠዋት ስለተሰረዘ ነው። ይህን በተለይ ልብ በሉልኝ። ስህተት ሲሰረዝ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ፍተሻዎች እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ጥሩ መመርመሪያ «ፍተሻው አልተጠናቀቀም» የሚል ገጽ አለው። ብዙዎቹ ካልተጠናቀቁ አንድ ሰው በቅርቡ ሰርዟል ወይም ባትሪ ነቅሏል ማለት ነው። ከስህተቱ ዝርዝር በፊት ይህን ገጽ ክፈቱ በሉት።

የቤንዚኑም ነገር አለ። የብዙዎቹን የጀርመን ቱርቦ መኪኖች የቤንዚን መሙያ ክዳን ከውስጥ ብታዩት 95 ኦክቴን የሚል ጽሑፍ አለ፤ ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ሲጨመቅ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ያለው አቅም ልክ ነው። እኛ ማደያ ላይ ኦክቴን መርጠን አንቀዳም። እጥረት ሲሆን ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ከመንገድ ዳር እንገዛለን። ቱርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያግለው ደካማ ቤንዚን ያለ ጊዜው በራሱ ይፈነዳል። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ያ የተነገራችሁ ጉልበት ያን ጊዜ የለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ የሚስበው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ ዝቅ ያለ ኦክቴን ይችላል። በተጨማሪም ብዙዎቹ አዳዲስ ቱርቦዎች ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጩት። የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ቤንዚን ስለማይነካቸው ጥቀርሻ ይጋገርባቸዋል። ማጽዳቱ የራሱ ሥራ ነው፤ የራሱም ወጪ።

አንድ የማደናገሪያ ነገርም አለ። ከኋላ የተለጠፈውን ቁጥር አትመኑ። የቢኤምደብሊው 328አይ የድሮው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የመጣው 328አይ ደግሞ 2 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ነው። ቁጥሩ ያው፣ ሞተሩ ግን ሌላ። ሌክሰስ አይኤስ 250 ቱርቦ የለውም፤ አይኤስ 200ቲ አለው። መርሴዲስ ላይ «ኮምፕሬሰር» የሚል ካያችሁ እሱም ቱርቦ አይደለም፤ አየር የሚጠቀጥቀው በቀበቶ ከሞተሩ እየተነዳ ነው። ደላሎቹ ግን ሁሉንም ቱርቦ ይሉታል። የሞተሩን ኮድ ጽፋችሁ ውሰዱና ለመካኒካችሁ አሳዩት።

«ታዲያ የትኛውን እንግዛ?» ለምትሉኝ፣ የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ወሎ ውስጥ እየኖራችሁ፣ ለሰርግም ለቤተሰብም የሚሆን ቅንጡ መኪና የምትፈልጉ ከሆነ፣ ሞተሩ ተለቅ ያለ ቱርቦ የሌለው ይሻላችኋል። ለምሳሌ እንደ ሌክሰስ ኢኤስ 350 ያለው 3.5 ሊትር ሞተር 270 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። ደሴ ላይ ሩቡን ቢያጣም 200 ይቀረዋል፤ ያ ለሐረጎም ለጣርማ በር ዳገትም ይበቃል። ቤንዚን ይጠጣል፣ አልዋሽም። ትንሹ ቱርቦ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ከነዱት ይቆጥባል። ዳገት ላይ ሲጫኑት ግን እሱም በደንብ ነው የሚጠጣው፤ የኛ መንገድ ደግሞ ዳገት ነው። ቱርቦ የምትገዙ ከሆነ ባለቤቱ ዘይት የቀየረበትን ደረሰኝ ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ ያሳያችሁ። ደረሰኝ ያለው፣ አንድ እጅ የነዳው ቱርቦ ካገኛችሁ ግዙ፤ ደስ የሚል መኪና ነው። በወሬ ብቻ ግን በጭራሽ።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የሚዞሩት እነዚያው ድሮ የገቡት ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳሉ። ስለዚህ የሚታጠቡትም የሚቀባቡትም በርትተዋል።

ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። በጠዋት ሂዱ። «ሳልደርስ ሞተሩ እንዳይነሳ» ብላችሁ ተናገሩ፤ ስትደርሱም ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ተመለሱ፣ ሌላ ቀን ኑ። አንድ ሰው ከማርሚታው ኋላ ቆሞ ሲነሳ ይመልከት። ነጭ እንፋሎት በደሴ ብርድ ያለ ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት ነው። ከዚያ ከኮምቦልቻ አራት ሰው ጭናችሁ ሐረጎን ውጡ። ቤንዚን የለም ካሉ እናንተ ቅዱ። ሲወጣ ያቃስታል ወይ፣ ሳይረን የመሰለ ድምፅ አለው ወይ፣ መብራት ይበራል ወይ?

ትልቁ ፈተና ግን መውረዱ ነው። ዝቅ ባለ ማርሽ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንስታችሁ ቁልቁል ውረዱ። ሜዳው ጋ ስትደርሱ በደንብ ርገጡና በመስታወት እዩ። ስትወርዱ ሞተሩ የሳበው ዘይት ያኔ ነው የሚወጣው። ሰማያዊ ደመና ከለቀቀ ከሻጩ ጋር በዋጋ አትከራከሩ፣ ቁልፉን መልሱለት። ያለፈ እንደሆነ መካኒክ የአየር ቱቦውን ይፍታና መዘውሯን ይነቅንቅ። ወደ ጎን በጣም ትንሽ መንቀሳቀስ ያለ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግን መንቀሳቀስ የለባትም፤ ግድግዳዋንም መንካት የለባትም። ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት እርጥበት አያስደንግጣችሁ፤ የተጠራቀመ ዘይት ግን ያስደንግጣችሁ።

ገዝታችሁ ከሆነና ጤነኛ ከሆነ ደግሞ፣ ከዳገት እንደወጣችሁ ወዲያው አታጥፉት። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌሮችን እዩ። ከባቲ ወጥተው ሲቆሙ ሞተሩን ትንሽ ያስተነፍሱታል። አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ድንገት ካጠፋችሁት የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይደርቃል፤ ቀዳዳውንም ይዘጋል።

ስለ ውሉ አንድ ነገር ልበል። እኔ «አይቼና ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ላይ ፈርሜያለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። ገዢው ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። እኔ ደላላውን በስልክ እየለመንኩ ሁለት ወር አሳለፍኩ። ጠበቃ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለሻጩ በጽሑፍ የነገርከው መቼ ነው?» ብሎ ነው። መልስ አልነበረኝም። እናንተ በዚያው ሳምንት ጻፉ። ውሉ ላይም «ሞተሩና ቱርቦው ጤነኛ መሆኑን ሻጭ ያረጋግጣል» የሚል መስመር ይግባ። ሻጩ አልፈርምም ካለ እሱም መልስ ነው።

የኔው መኪና አሁንም ጋራዥ ቆሟል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ አምጥተን ነበር። መካኒኩ ግን መጀመሪያ ሞተሩ ውስጥ የገባው የምላጭ ስብርባሪ ይታይ ብሎ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ አውርዶታል።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መኪና ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ሞተሩ ሳይነሳ እንድንደርስ በጊዜ እንውጣ እንጂ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።