«ከ700 በላይ ካላመጣችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» ለሚሏችሁ አትክፈሉ

ጂማት የተባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ልትፈተኑ እየተዘጋጃችሁ ከሆነ፣ ለማጠናከሪያ ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ይህንን አንብቡ። «የውጤት ዋስትና አለው» የተባለ የኦንላይን ኮርስ ገዝቼ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ማስታወቂያ የሚለቅ ብዙ ነው፤ አንዱን ብታውቁት በሌላ ስም ይመጣባችኋል። ምልክቶቹን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ማስታወቂያው አንድ መስመር ነበር። ከ700 በላይ ካላመጣችሁ ሙሉ ገንዘባችሁ ይመለሳል ይላል።

እዚህች መስመር ላይ ቆም በሉ። አሁን በሚሰጠው ጂማት 700 የሚባል ውጤት የለም! ፈተናው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በአዲስ መልክ መሰጠት ጀመረ። የድሮው ደግሞ በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ቀረ። የድሮው ውጤት ከ200 እስከ 800 ነበር፤ በ0 ነበር የሚያልቀው። የአሁኑ ከ205 እስከ 805 ነው፤ ሁሌም በ5 ያልቃል። 695 ልታመጡ ትችላላችሁ፣ 705ም እንዲሁ። 700 ግን የሚያመጣ ሰው የለም።

ታዲያ ዋስትናው ለየትኛው ፈተና ነው? ከመክፈሌ በፊት በጽሑፍ ጠየቅኋቸው። «705 እና ከዚያ በላይ ማለታችን ነው» አሉኝ። ተፈትኜ 645 ሳመጣ ግን መልሱ ተገለበጠ። «645 በድሮው ሚዛን 700 ነው፤ ቃላችንን ጠብቀናል» አሉ።

ንጽጽሩ በራሱ ውሸት አይደለም። ከሌሎች ተፈታኞች አንጻር ሲታይ የአሁኑ 645 ከድሮው 700 ጋር ይቀራረባል። ለዚህም ነው ነገሩ የሚያናድደው። ሲሸጡ በአዲሱ ሚዛን ይሸጣሉ፣ ገንዘብ መልሱ ሲባሉ ወደ አሮጌው ይሸሻሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ትንሽ አይደለም። 705 እጅግ ጥቂት ተፈታኞች ብቻ የሚደርሱበት ውጤት ነው።

ስከራከራቸው የውሉን ዝርዝር ላኩልኝ። ገንዘብ የሚመለሰው ሁሉንም ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ላየ፣ የቤት ሥራውን አንድም ሳያስቀር በቀኑ ላስገባ፣ ኮርሱ ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ለተፈተነ ሰው ነው። የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በሉ። በፈተናው ደንብ መሠረት አንዴ ከተፈተናችሁ በኋላ ድጋሚ ለመቀመጥ ቢያንስ 16 ቀን መጠበቅ አለባችሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ መፈተን አይቻልም። ማንም ሊያሟላው የማይችለውን ቅድመ ሁኔታ ጽፈው «ዋስትና» ብለው ሸጡት። ቢቻል እንኳ የሁለተኛውን ፈተና ክፍያ የምትችሉት እናንተው ናችሁ።

ሌሎች ሻጮች ዘንድ ያየሁት ደግሞ ትንሽ ይለያል። «ዋስትና» የሚሉት ገንዘብ መመለስን ሳይሆን ያንኑ ኮርስ እንደገና በነጻ መክፈትን ነው። ሌሎቹ ደግሞ «100 ነጥብ እናሻሽላለን» ይላሉ። መነሻው ግን ራሳቸው ያዘጋጁት የመለኪያ ፈተና ነው። እሱን አክብደው መነሻችሁን ዝቅ ካደረጉት፣ ምንም ሳያስተምሯችሁ «ተሻሽላችኋል» ማለት ይችላሉ።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ከቪዲዮዎቹ ብዙዎቹ ስለ ሴንተንስ ኮሬክሽን ነበሩ። ይህ የሰዋስው ጥያቄ ከፈተናው ወጥቷል። ስለ ድርሰት አጻጻፍ አንድ ሙሉ ክፍል ነበር፤ ድርሰቱም ቀርቷል። በሒሳቡ በኩል የጂኦሜትሪ ጥያቄ ተከምሯል፤ አሁን ባለው የኳንት ክፍል ጂኦሜትሪ አይጠየቅም። አዲስ ስለመጣው ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ የመተንተን ክፍል) ግን ለይስሙላ ያህል ነው የነገሩን። ይህ ክፍል ከኳንት (ከሒሳቡ) እና ከቨርባል (ከቋንቋው) ክፍል እኩል ክብደት አለው፤ ጠቅላላ ውጤቱን ከሦስት አንድ እጅ ይወስናል። የድሮ ቪዲዮ ላይ አዲስ ሽፋን ለጥፈው እንደሸጡልን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት። ፈተናው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ጥያቄ አለው? ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ 64 ጥያቄ። ኳንት 21፣ ቨርባል 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ 20፤ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ። ይህንን ሳይንተባተብ ካልመለሰላችሁ ተዉት።

ከኮርሱ ጋር «ቦነስ» ተብሎ አንድ ፎልደር ተልኮልኛል። «በቅርቡ የተፈተኑ ሰዎች ያወጧቸው እውነተኛ ጥያቄዎች» ይላል። እዚህ ላይ አደራ እላችኋለሁ፤ እንዳትከፍቱት። ከገንዘብ የበለጠ ነገር ነው የምታጡት። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ጥያቄዎቹን ላለማውጣት ትስማማላችሁ። የፈተናው ባለቤት ጂማክ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያገኝ ውጤት ይሰርዛል፣ ለትምህርት ቤቶችም ያሳውቃል። ባዶ ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የፈተና ጥያቄዎችን ያወጣ ነበር በተባለው ስኮርቶፕ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ጂማክ ፍርድ ቤት ሄዶ ረትቷል፤ ድረ ገጹ ተዘግቶ፣ ጥያቄዎቹን ተጠቅመዋል የተባሉ ደንበኞች ውጤት ተሰርዟል። ሻጩ ብቻ አልነበረም የተቀጣው። ደግሞስ ፈተናው በመልሳችሁ ልክ ጥያቄውን እየቀያየረ፣ ከትልቅ ክምችት እየመረጠ ነው የሚሰጣችሁ። የተሸመደደ ጥያቄ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። «በእናንተ ቦታ ሌላ ሰው ይፈተንላችኋል» ወይም «በቅናሽ እናስመዘግባችሁ» የሚሉ መልእክቶች ይደርሷችኋል። የኤምቢኤ ዶት ኮም (የፈተናው ኦፊሴላዊ መመዝገቢያ ድረ ገጽ) የይለፍ ቃላችሁን እና የፓስፖርታችሁን ፎቶ ይጠይቃሉ። ለማንም አትስጡ። በቅናሽ ያስመዘገቧችሁ በተሰረቀ ካርድ ከሆነ፣ የካርዱ ባለቤት ሲያመለክት ምዝገባው በእናንተ ስም ችግር ይሆናል። ፓስፖርታችሁ ደግሞ አንዴ ከእጃቸው ከገባ የት እንደሚውል አታውቁም።

ያንን 645 ያመጣሁት የእነሱን ቪዲዮ ጥዬ በኦፊሴላዊው መለማመጃ ነው። ኤምቢኤ ዶት ኮም ላይ አካውንት ስትከፍቱ ሁለት ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎች በነጻ ታገኛላችሁ። ጥያቄ አመራረጡም ሆነ ውጤት አሰጣጡ እንደ ዋናው ፈተና ነው። ማንኛውንም ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የቱ ጋ እንደምትደክሙ ካወቃችሁ በኋላ ኮርስ አያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ ካስፈለጋችሁም አንዱን ክፍል ብቻ ልትገዙ ትችላላችሁ። ሁለተኛውን ፈተና ለዋናው ሲቃረብ አቆዩት።

የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤት መስፈርትም አስቀድማችሁ እዩ። ብዙዎቹ ጂአርኢ የተባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተናም ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ፈተና አይጠይቁም። ሻጭ ይህንን አይነግራችሁም።

ከፍላችሁ ከሆነም ጊዜ ሳታባክኑ ተንቀሳቀሱ። የማስታወቂያውን ገጽ፣ የተጻጻፋችሁትን እና ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ እኔ ከጠየቅኋቸው በኋላ ማስታወቂያውን ቀይረውታል። የገንዘብ ይመለስልኝ ጥያቄያችሁን በስልክ ሳይሆን በኢሜይል ላኩ፣ መልስ የሚሰጡበትን ቀን ጥቀሱ። በካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ባንካችሁ ዘንድ ክፍያውን መቃወም ትችላላችሁ፤ የጊዜ ገደብ ስላለው ሻጩ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ሲያመላልሳችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።