ጀልባዬን ያሰረልኝ የመርካቶው ገመድ ቤት

ባለፈው ጥቅምት ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክለን አደርን። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን። አራት ሰው የምትይዝ የምትነፋ ጀልባ አለችን። ሲመሽ አፍንጫዋን አሸዋው ላይ አወጣንና በአንድ ገመድ ከግራር ግንድ ጋር አሰርናት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነፋሱ ድንኳኑን ሲያንገላታው ነቃሁ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ጀልባዋ የለችም። ገመዱ ግንዱ ላይ ቀርቷል። የተበጠሰው ጫፉ እንደ ጭራ ተበታትኗል።

ሲነጋ አንድ አሳ አጥማጅ ራቅ ካለ ዳርቻ አግኝቷት ጎትቶ አመጣልን። እግዜር ይስጠው። ሆዷ ግን ድንጋይ ላይ ሲፈተግ አድሮ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተልጧል። ትንሹ ልጄ የተላጠውን እየዳሰሰ አለቀሰ።

ያንን ገመድ «ናይሎን ነው» ብለው የሸጡልኝ ሌላ ሱቅ ነው። ናይሎን እንዳልሆነ የነገሩኝ ደግሞ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሱቅ ባለቤት ናቸው።

ሱቁ መርካቶ ነው፤ ከራጉኤል ቤተክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ገመድ ነው፤ ወለሉ ላይ ሰንሰለትና የተጠቀለለ ሸራ አለ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የተበጠሰውን ገመድ ይዤ ሄጄ «ከዚህ ወፈር ያለ ይስጡኝ» አልኳቸው። አልሰጡኝም። ከጠረጴዛው ሥር ጆግ አወጡ፣ ውሃ ሞሉበትና ቁራጩን ጣሉት። ተንሳፈፈ። ከራሳቸው ጥቅል ትንሽ ቆርጠው ጨመሩ። ሰመጠ።

«የሰመጠው ናይሎን ነው የኔ ልጅ። ያንቺ ላስቲክ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ይሰባበራል። ናይሎን ይለጠጣል፤ ማዕበሉ ሲጎትት እሺ ይልለታል።»

ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ጀልባዋ ምን ያህል ትከብዳለች? ዳርቻው አሸዋ ነው ድንጋይ? ነፋሱ ከየት ይመጣል? የት ዛፍ አለ? ገመድ ልገዛ ሄጄ እንደዚህ ተጠይቄ አላውቅም። ለካ ያደጉት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። የዚያ ታንኳ ደንገል ከሚባል የውሃ ዳር ተክል ስለሚሠራ ውሃ ይጠጣል። ባለታንኳዎቹ ሥራ ሲጨርሱ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል። «ያንቺ ጎማ ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ግን ማታ ማታ ምን አባቱ ውሃ ላይ ይሠራል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኛ ግማሹን አሸዋ ላይ ግማሹን ውሃ ላይ ትተናት ነው የተኛነው። ማዕበሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነሳት ሲያፈርጣት ነበር ማለት ነው።

30 ሜትር ባለ 12 ሚሊ ሜትር ናይሎን ገዛሁ። ሜትሩን 90 ብር አሉኝ፣ ተከራክረን 80 ብር ገባ። 2 ሜትር ሰንሰለትና አንድ ሸራ ጨመርኩ። ገመዱ ጠርዝ ላይ እንዳይፋቅ የሚለብሰው ቁራጭ የውሃ ጎማ ግን በነጻ ሰጡኝ። መልህቅ አይሸጡም። ምናለሽ ተራ ወዳለ በያጅ ላኩኝ፤ እሱም ከፌሮ ባለአራት ጥፍር መልህቅ ሠራልኝ። ጋሼ አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ እንዲህ ያለው መልህቅ ድንጋይና ሣር ይይዛል እንጂ አሸዋ ላይ ብዙ አይታመንም። ሰንሰለቱን ያስገዙኝም ለዚሁ ነው። ክብደቱ ገመዱን ወደ ታች ስለሚስበው መልህቁ ወደ ላይ አይነቀልም፣ ወደ ጎን እየተጎተተ ይቆፍራል።

ስለ ርዝመቱም ነገሩኝ። ውሃው 2 ሜትር ከሆነ 14 ሜትር ገመድ ልቀቂ አሉ፣ ሰባት እጥፍ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ወለሉ አይታይም። ስለዚህ ገመዱ ላይ በየሜትሩ ቀይ ክር አሰርኩበት፤ ጥልቀቱን የምለካው በሱ ነው።

በጥር ተመልሰን ሄድን። ቀን ቀን፣ ለምሳ ወደ ዳር ስንወጣ፣ መልህቁን ከአፍንጫዋ ወደ ሐይቁ ጥለን ኋላዋን ከዛፍ ጋር እናስራለን። አፍንጫዋ ማዕበሉን ስለሚያይ ውሃው በኋላ በኩል እየዘለለ አይገባም። እኩለ ቀን ላይ ከአየሯ ትንሽ እናስተነፍሳታለን፤ ፀሐዩ ውስጧ ያለውን አየር ስለሚያሰፋው ስፌቷ እንዳይጨነቅ። ማታ ግን ዕቃውን አራግፈን አራት ሆነን ተሸክመን እናወጣታለን። አንጎትትም። ማዕበሉ ካረጠበው አሸዋ በላይ ደፍተን እናስቀምጣታለን። ባዶ የጎማ ጀልባ ነፋስ እንደ ቅጠል ስለሚያነሳው በአንድ በኩል ከግራሩ ጋር፣ በሌላው በኩል አሸዋ ከሞላንበት ማዳበሪያ ጋር እናስራታለን። ማዳበሪያውን ክንድ በሚያህል ጉድጓድ ቀብረን አፈር መለስንበት። ባለቤቴ ሊነቅለው ሞክሮ አቃተው።

በሁለተኛው ሌሊት ነፋሱ መጣ። ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ። ጀልባዋ አልተነቃነቀችም። ገመዱን በእጄ ነካሁት፣ ተወጥሯል። ተመልሼ ገባሁና እስኪነጋ ተኛሁ። ስንት ጊዜ ሐይቅ ዳር አድሬ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ቅሬታ አለኝ። ሰንሰለቱ ቀለም የተቀባ ነው እንጂ ዚንክ የተለበጠ አይደለም፤ ከአንድ ጉዞ በኋላ ዝገት ጀመረው፤ ጀልባዋንም አቆሸሸ። አሁን ማዳበሪያ ውስጥ ነው የምይዘው። ሲሸጡልኝ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። የሸራው ቀለበቶችም ሁለቱ ተነቅለዋል። ይዤ ስመለስ ጋሼ ሸራውን አልቀየሩልኝም፣ እሱም ትንሽ አስከፍቶኛል። ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ቀለበት የማያስፈልገው መንገድ አሳዩኝ። የሸራው ጥግ ላይ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ድንጋይ ታስቀምጣላችሁ፣ ሸራውን ትጠቀልሉበታላችሁ፣ ከድንጋዩ ሥር አንገቱን በገመድ ታስራላችሁ። ሲጎተት ይጠብቃል እንጂ አይቀደድም። ሦስት ጊዜ አሠሩኝ። እስካሁን አልተነቀለም።

እሁድ ዝግ ነው። መኪና ማቆሚያ የለም፣ በታክሲ ብትሄዱ ይሻላል። አሮጌ ገመድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጆጉ ከጠረጴዛው ሥር ነው።