«ባዶ ነው ማዘር» ብሎ አጠፋብኝ፤ ጅማ ኮምፒውተር የምታስጠግኑ ተጠንቀቁ

የሱቁን ስም አልጠራም። ብጠራው እሱን ትታችሁ አጠገቡ ያለው ጋ ትገባላችሁ፤ አጠገቡ ያለውም ያው ነው። መርካቶ አካባቢ ስታልፉ የምታውቁት ዓይነት ቤት ነው። በሩ ላይ የሚጮህ ስፒከር፣ መስታወቱ ውስጥ ቻርጀርና የስልክ ከቨር፣ ከኋላ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት ጠረጴዛ። ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ ፊልም ይጭናል፣ ስልክ ይከፍታል፣ ዊንዶውስ ይጭናል። ግድግዳው ላይ «ዳታ ሪከቨሪ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቷን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አሁንም እየጨስኩ ነው።

ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ወንድሜ ካናዳ ከመሄዱ በፊት የፋይል ሰርቨር አድርጎት ሄደ። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ሳሎን ጥግ ቴሌቪዥኑ ስር ተቀምጦ ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። የቤቱ ሰው ሁሉ ፎቶውንና ሰነዱን ከስልኩ በዋይፋይ እዚያ ያስቀምጣል። ውስጡ ሦስት ዲስክ አለ። አንዷ ትንሽ ናት፣ ሲስተሙ ያለው እሷ ላይ ነው። ሁለቱ ባለ 2 ቴራ ናቸው፤ አንደኛው ላይ ዕቃችን አለ፣ ሁለተኛው በየሌሊቱ የአንደኛውን ቅጂ ይወስዳል። የተጫነበት ዊንዶውስ አይደለም። ኦፕንሚዲያቮልት ይባላል፤ ደቢያን ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ወንድሜ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ፦ «ማንም እንዳይነካው። ችግር ካለ ለኔ ደውይ።»

ሐሙስ ማታ የሰርቨሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ከስልኬ ስከፍት አፕዴት መጥቷል አለኝ። ተጫንኩት። አስቡት፣ ክረምት ነው፣ ጅማ ነው፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ተቀምጬ አፕዴት እጭናለሁ። መሃል ላይ መብራት ድርግም አለ። ዩፒኤስ የለሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለኝ። ባትሪው ከሞተ ዓመት ሆኖታል። የአበባ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ።

መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ የለም። ከስልክ ብንሞክር የለም፣ ከላፕቶፕ ብንሞክር የለም። ልጄ ከቴሌቪዥኑ ጋር በኬብል አገናኘው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ተግተልትሎ መጨረሻው ላይ «ከርነል ፓኒክ» ይላል። ልጄ በስልኩ ፎቶ አነሳው። «እማ፣ ፓኒክ አድርጓል» አለኝ። እኔም አድርጌያለሁ።

ለምን ለወንድሜ አልደወልኩም? ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ ሌሊት ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ሰዓቱ ሰበብ ነው። አፈርኩ። «አትንኪው» ያለኝን ነክቼ አበላሸሁት ማለት ከበደኝ። እሱ ሳያውቅ አስጠግኜ ቦታው ልመልሰው አሰብኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ብርጭቆ ሰብሮ እንደሚደብቅ ሕፃን ሆንኩ።

ሲፒዩውን በላስቲክ ጠቅልለን፣ ከፈረንጅ አራዳ በባጃጅ፣ ልጄ ጭኑ ላይ አቅፎት ሄድን።

ሠራተኛው ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀስ ብዬ ሦስት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ይሄ ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ ነው። ሁለተኛ፣ አፕዴት ሲጭን መብራት ጠፍቶበት ነው። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ዲስኮች ላይ የቤተሰብ ዕቃ ስላለ እነሱ አይነኩም። «ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለውም ማዘር» አለኝ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ዊንዶውስ የሌለው ኮምፒውተር አለ እንዴ?» ሲል ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ ልጄን አየው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። «ምን ጌም ትጫወትበታለህ?» አለው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገውን ሁሉ የጠየቀው ልጄን ነው። እኔ የሚያወራ ዕቃ ነበርኩ።

1,500 ብር ተባልኩ፣ ግማሹን ቀድሜ ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። አይሰጡም፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሰጡኝና ከጠረጴዛው ጎን ተቀመጥኩ። እዚህ ጋ ነው የሚያናድደኝ። ሌላ ቦታ ሆኜ ቢሆን «አላየሁም» እላለሁ። ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ።

ፍላሽ ሰካ። ያቺ የዊንዶውስ መጫኛ ገጽ መጣች። ወዴት ልጫን ብላ ዲስኮቹን ደረደረች፦ ድራይቭ 0፣ ድራይቭ 1፣ ድራይቭ 2። ሁለቱ ጎን 1863 ጊጋ ይላል። ባለ 2 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ እንደዚያ ሆኖ እንደሚታይ ልጄ በጆሮዬ ነገረኝ። ስለዚህ የትኞቹ እንደሆኑ አውቄያለሁ። በጣቴ እያሳየሁት «እነዚህ እኮ ናቸው ዕቃችን ያለባቸው» አልኩት።

«ባዶ ነው ማዘር። ስም እንኳ የለውም፣ አየሽ?»

እርግጥ ስም የለውም። ዲስኮቹ የተዘጋጁት ሊኑክስ በሚጠቀምበት፣ ኤክስት 4 በሚባል የፋይል አቀማመጥ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ኤክስት 4ን በራሱ አያነብም። የማያውቀው ቋንቋ የተጻፈበትን ደብተር ከፍቶ «ባዶ ነው» እንደሚል ሰው ማለት ነው። ይሄን አሁን አውቄ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ ግን ሆዴ ብቻ ነው የደነገጠው።

ማውዙን ወስዶ ዲሊት ላይ ተጫነ። የማስጠንቀቂያ ሳጥን ወጣ፤ በእንግሊዝኛ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ይሄ ክፍል ጠቃሚ ፋይሎች ሊኖሩት ይችላል፣ ብታጠፋው በላዩ ያለው ሁሉ... አራት ነጥቡ ጋ ሳልደርስ እሺ የሚለውን ተጫነው። ከዚያ ሁለተኛው ዲስክ። ዲሊት፣ ሳጥን፣ እሺ። ያኛውን ጭራሽ አላነበብኩትም። ሁለቱም ቦታ ላይ «ያልተመደበ ባዶ ቦታ» የሚል ጽሑፍ ተተካ። አሥር ሰከንድም አልፈጀ። በዚያ መሃል ስልኩ ጠርቶ በትከሻው ይዞ ያወራ ነበር፤ ስለ ኳስ።

እኔ ምን አደረግኩ? ዝም። «ባለሙያ ነው፣ ያውቃል» ብዬ ዝም። በየቀኑ ክፍል ገብቼ «ያልገባችሁ እጃችሁን አውጡ» የምለው ሴትዮ በርጩማ ላይ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ልጄ ክንዴን ነካ አድርጎ «እማ» አለኝ። «ተው፣ ይሥራበት» አልኩት።

«11 ሰዓት ላይ ተመለሺ» አለኝ፣ ተመለስኩ። «እንደ አዲስ አደረግኩልሽ» ብሎ አበራው። ዊንዶውስ ተጭኖበታል። ትልቁን ዲስክ ከፍቶ አሳየኝ፦ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ ዘፈን። «400 ጊጋ ጨመርኩልሽ፣ በነጻ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። ምስጋና እየጠበቀ ነው!

«ፎቶዎቹስ?» አልኩት።

«የትኛው ፎቶ?»

ባለቤቱ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ነበር፤ ቀናም ሳይል «ባክአፕ አልያዝሽም እንዴ?» አለኝ። አንቺ ነው ያለኝ፣ በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ይለፈው። ከዚያ በአገጩ ግድግዳውን አሳየኝ። ያችን ወረቀት። «ዳታ ሪከቨሪ እንሠራለን። ላንቺ 4,000 ብር።» ራሱ ያጠፋውን ሊፈልግልኝ 4,000 ብር!

አንጀታችሁ እንዲያርር አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የቀረውን 750 ብር ከፈልኩ። «አመሰግናለሁ» ብዬም ወጣሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አፌ ለምዶት ይሆናል።

እሑድ የአክስቴ ልጅ መጣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኮምፒውተር ይማራል። ልጄ ሐሙስ ያነሳውን የስክሪን ፎቶ አሳየው። ትንሽ ዝም አለና «እትዬ፣ ይሄ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር» አለኝ። ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

የሆነው ይሄ ነው። አፕዴቱ አዲስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ አስቀምጧል፤ ከርነሉ ሲነሳ የሚያስፈልገው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ፋይል ሳይዘጋጅለት ግን መብራት ጠፋ። ስለዚህ ሲነሳ ሲስተሙን ከየት እንደሚያገኝ ጠፋበት። ደቢያን አዲስ ሲጭን የቀደመውን ከርነል ወዲያው አይጥለውም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግረብ የሚባል ሜኑ ይመጣል፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ አሮጌውን መምረጥ ነው። ይነሳል። ከዚያ ዲፒኬጂ በሚባለው ትዕዛዝ የተቋረጠውን ጭነት ማስጨረስ ነው። አንድ መስመር። ችግሩ ያለው ትንሿ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ሁለቱ ትልልቆቹ ምንም አልሆኑም ነበር። ምንም!

ልጁ ነፍስ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሠራ። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ያ ጀግና ዲሊት ብቻ አድርጎ ረስቶታል፤ ምንም አልጫነበትም። ቴስትዲስክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም የጠፋውን ክፍል ፈልጎ መለሰው። ፎቶዎቹ ከነስማቸው ከነፎልደራቸው ተነሱ። እልል አልኩ።

እልልታዬ ብዙ አልቆየም። የሌሊቱ ቅጂ ጥር ላይ ቆሟል። ገጹ ላይ ቀይ ምልክት ነበረ፤ ወራት ሙሉ እያየሁት አልፌዋለሁ። «ሲመቸኝ ወንድሜን እጠይቀዋለሁ» እያልኩ። መጋቢት ላይ ደግሞ የእናቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገለበጥናቸው። አሥራ አንድ ካሴት ነው። ተረቷ፣ ዘፈኗ፣ በልጅነቷ አጋሮ ቡና ለቀማ ሄዳ ያየችው፣ ጎረቤት ስታማ ሳይቀር። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ካሴቶቹን የጅማ እርጥበት በልቷቸው ሻግተው ስለነበር፣ ከገለበጥን በኋላ «አሁንማ ሰርቨሩ ላይ አለ» ብዬ ጣልኳቸው። በእጄ።

እነሱ ያሉት አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ያ 400 ጊጋ ፊልም የተራገፈበት። የጠፋ ፋይል ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ሊነሳ ይችላል፤ ከተጻፈበት ግን አለቀ። ፎቶሬክ የሚባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ፈትሾ የቀረውን ያወጣል፤ ስም ግን አይመልስም። ሁሉም ፋይል ቁጥር ብቻ ነው።

ትናንት ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። አልጮህኩም፣ ገንዘቤን ብቻ ጠየቅኩ። ሠራተኛው ከልቡ ግራ ገብቶት አየኝ። «ማዘር፣ ፊልሙን ካልፈለግሽው እናጠፋዋለን» አለኝ። ባለቤቱ አሁንም ስልኩ ላይ ነው።

እናንተ ቢያንስ ይሄን አድርጉ። ሲፒዩ ለጥገና ስትወስዱ ዕቃ ያለባቸውን ዲስኮች ነቅላችሁ እቤት አስቀምጡ፤ አራት ብሎንና ሁለት ኬብል ነው። ሊኑክስ ከሆነ ሠራተኛውን «ሊኑክስ ነክተህ ታውቃለህ?» በሉት፣ ከሳቀ ውጡ። ፋይል ከጠፋባችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩን ወዲያው ዝጉት፣ ዲስኩ ላይ ምንም አትጫኑበት። ቅጂያችሁንም ሄዳችሁ እዩት፤ አሁን።

ለወንድሜ ገና አልነገርኩትም። ፎቶሬክ ካወጣቸው የድምፅ ፋይሎች እስካሁን 214ቱን ሰምቻለሁ። ሁለቱ የእናቴ ናቸው፤ አንደኛው መሃል ላይ ይቆረጣል። የቀሩት ሁሉ እሱ በነጻ የጨመረልኝ ዘፈን ነው።