ልጃችሁን ለሱስ ማገገሚያ ቤት ከማስረከባችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ ለጎንደር ወላጆች

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ በጫት፣ በአረቄ፣ በሀሺሽ ወይም በእንክብል ሱስ የተያዘ፣ አለዚያም የአእምሮ ሕመም ምልክት የታየበት ልጅ ያላችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። መኖሪያ ቤት ተከራይተው «የወጣቶች ማገገሚያ» የሚል ስም የሚሰጡት፣ የ3 ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚቀበሉ፣ ልጁን በር ላይ ተረክበው ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ለወላጅ በሩን የሚዘጉ ሰዎች አሉ። የ16 ዓመት ልጅ የሆነው የእህቴ ልጅ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ቆይቶ ወጥቷል። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ስም በቀላሉ ይቀየራል፣ አሠራሩን ያወቀ ወላጅ ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ይለየዋል።

ደንበኛ የሚመጣላቸው በደላላ ነው። ቤተሰቡ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ልጁን ጸበል አስጠምቆ፣ መክሮና ተቆጥቶ ከደከመ በኋላ አንድ «የሚያውቅ ሰው» ይደውላል። ልጁ በ3 ወር ውስጥ ፍጹም ድኖ እንደሚወጣ በእርግጠኝነት ይናገራል፤ አልጋ ሊያልቅ ስለሆነ ክፍያው ዛሬውኑ እንዲፈጸምም ይወተውታል። ማገርሸት የሱስ ሕመም አንዱ ባሕርይ ስለሆነ፣ በዚህ ቀን ጨርሶ ይድናል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ሰው ገና ከጅምሩ እውነቱን እየነገራችሁ አይደለም። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከቆላ ድባና ከመተማ ለሚመጡ ቤተሰቦች ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ መንገዱ አስቸጋሪ በመሆኑ ቶሎ ቶሎ ተመላልሰው ልጃቸውን ማየት እንደማይችሉ ደላላው አስቀድሞ ያውቃልና።

እህቴ የፈረመችው ውል ሁለት ገጽ ብቻ ነው። የተከፈለ ገንዘብ በማንኛውም ምክንያት እንደማይመለስ፣ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ልጁን መጎብኘትም ሆነ በስልክ ማነጋገር እንደማይችል፣ እንዲሁም «ተቋሙ አስፈላጊ ሆኖ ያገኘውን እርምጃ» መውሰድ እንደሚችል ይገልጻል። ከሁሉም የምትከፋው ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ናት። እርምጃ የተባለው ማሰር ይሁን መርፌ መውጋት፣ ማን እንደሚያዘው፣ ቤተሰብ መቼ እንደሚነገረው አንድም ቃል አልተጻፈም። በአንጻሩ የልጁ ሕመም ምን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚሰጠው፣ የሚያክመው ባለሙያ ማን እንደሆነ የሚያስረዳ ነገር በሁለቱም ገጾች ላይ የለም። የሚሸጡትን አገልግሎት በጽሑፍ ለመግለጽ የማይፈልጉ ሰዎች ዘንድ ልጅን ማኖር አይገባም።

እህቴ ከብዙ ልመና በኋላ ልጇን ስታየው አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ቀርቷል፣ መንጋጋው ተቆልፏል፣ ምላሱ ከብዶት ቃል ማውጣት አቅቶት ለሃጩ ይወርዳል። የቤቱ ሰዎች «ሱሱ እየወጣለት ነው» አሏት። ሆስፒታል ስንወስደው ግን ሐኪሙ የመርፌ ጠንቅ መሆኑን ወዲያው ለየው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና እርሱን የመሳሰሉ መድኃኒቶች፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ በተሰጡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ያለ የጡንቻ መኮማተር ሊያስከትሉ ይችላሉ። መድኃኒቶቹ በራሳቸው መጥፎ አይደሉም፤ በትክክል ለታዘዘላቸው ሰዎች ትልቅ እርዳታ ይሰጣሉ፣ ጠንቃቸውም በሚያውቅ ሰው እጅ ቶሎ ይታከማል። ያ ቤት ግን የሰጠውን መድኃኒት ስምና መጠን የጻፈበት ወረቀት እንኳ አልነበረውም። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል አንድ ጊዜ ተወግተው ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ የሚቆዩ አሉ፤ ችግር ቢመጣ ከሰውነት መልሶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ስሙ ያልተነገራችሁ መርፌ ለልጃችሁ እንዲሰጥ በምንም ምክንያት አትፍቀዱ።

እንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች የሱሱ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ሁሉንም ልጅ በአንድ ክፍል ማስቀመጣቸው ሌላው ከባድ ጥፋት ነው። ጫት ያቆመ ልጅ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ይቃዣል፣ ይከፋዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕይወቱ በዚህ አደጋ ላይ አይወድቅም፤ ነገር ግን ድብርቱ ሲበረታ ሞትን እስከ መመኘት ሊደርስ ስለሚችል በቅርብ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። በየቀኑ ብዙ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ገደማ ደግሞ ከፍተኛ መደናገርና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ይህም ካልታከመ ይገድላል። ዳያዝፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት በልክ የሚሰጥ፣ ቫይታሚን ቢ1 የሚተካ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚከታተል ባለሙያ የግድ ያስፈልጋል። የእንቅልፍና የማረጋጊያ እንክብል ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ቆይቶ በድንገት ማቆምም እንዲሁ አደገኛ ነው። ስለዚህ ቤቱን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ሌሊት ተረኛ ነርስ አለ ወይ የሚል ይሁን፤ መልሱ «ጥበቃ አለ» ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሰውነት ከሱሱ የሚላቀቀው ባብዛኛው በቀናት፣ ቢረዝም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። የቀረው ጊዜ የምክር፣ ከቤተሰብ ጋር የመነጋገር፣ ልጁን ወደ ትምህርቱ የመመለስ ሥራ ነው፤ የ3 ወሩ ገንዘብ የሚከፈለውም በዋናነት ለዚህ ነው። የእህቴ ልጅ እንደነገረን ጠዋት ግቢ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ እስከ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፤ ምክር የሚሰጣቸው ራሱ ከሱስ የወጣ አንድ ወጣት ነበር። የእንዲህ ያለው ወጣት ልምድ ዋጋ አለው፣ አከብረዋለሁም፤ የሥነ አእምሮ ሐኪምንና የሥነ ልቦና ባለሙያን ግን አይተካም።

በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አያሳምናችሁ። እኛ ያየነው የንግድ ፈቃድ ነበር፤ የንግድ ፈቃድ ደግሞ ሕሙማንን አስተኝቶ ለማከም አያበቃም። የምትጠይቁት በጤና ተቆጣጣሪው የተሰጠ፣ አስተኝቶ ማከምን በግልጽ የሚፈቅድ የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ ከዚያም ወደ ከተማው ጤና መምሪያ ሄዳችሁ ትክክለኛነቱን አጣሩ። የሐኪሙን ስምና የሙያ ፈቃድ፣ በሳምንት በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኝም ጠይቁ፤ ስሙ ብቻ ተበድሮ ሊሆን ይችላልና።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችም ሆነ በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣትና ከኢሰብአዊ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 25 ደግሞ ለሕክምና ተቋም የተሰጠ ልጅ አያያዙ በየጊዜው እንዲገመገም ያዛል። ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብቱ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተረጋግጧል።

ገንዘባችሁን ይዛችሁ ከማንም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ልጁን በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አስመርምሩት። ብዙ ልጆች ከቤታቸው እየተመላለሱ ሊታከሙ ስለሚችሉ መተኛት ለሁሉም አያስፈልግም፤ ካስፈለገም ሐኪሙ፣ አዲስ አበባ የሚገኘውን አማኑኤልን ጨምሮ፣ ወደሚመለከተው ሆስፒታል በሪፈር ይልካል። ጸበል የምትወስዱት ከሆነም መድኃኒቱን አታስቋርጡት፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ልጃችሁ አሁን እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ካለ፣ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሄዳችሁ ለብቻው እንድታነጋግሩት ጠይቁ፤ የተሰጠው መድኃኒት ዝርዝርም በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ከከለከሏችሁ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለጤና መምሪያው አመልክቱ። ሲወጣም በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ባዶ ብልቃጥ ወይም የመድኃኒት ካርቶን ካገኛችሁ ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ። ውሉን፣ ደረሰኙንና የባንክ ማስተላለፊያውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ገንዘቡ በደላላው የግል ሒሳብ የገባ ከሆነ ይህንኑ በአቤቱታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት።