የወይን ጠጅ ነጋዴ ርስት ለሚገዛ፦ ሜዶክ ወይስ ማዴይራ?

«የድሮ ወይን ጠጅ ነጋዴ ርስት፣ ባሕር አጠገብ» የሚል ማስታወቂያ ልብ ያማልላል። ግን «ባሕር አጠገብ» ፈረንሳይ ሜዶክ ላይ ሌላ ነው፣ የፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ላይ ደግሞ ሌላ።

ሜዶክ ከቦርዶ በስተሰሜን ነው። የቦርዶ ነጋዴዎች መጋዘናቸው ሻርትሮን በሚባለው ወንዝ ዳር ሰፈር ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘቡ ሲመጣ ገጠር ወጥተው «ሻርትሩዝ» የሚባለውን ፎቅ የሌለው ረጅም የድንጋይ ቤት ሠሩ። ከመስኮቱ የሚታየው ወይን ነው። በምሥራቅ ያለው ውኃ የጂሮንድ ወንዝ አፍ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ግን ደለሉ ቡናማ አድርጎታል። ልጆቻችሁ አሸዋ ላይ እንዲጫወቱ ከፈለጋችሁ የጥድ ደኑን በመኪና አቋርጣችሁ ላካኖ ወይም ሱላክ ትሄዳላችሁ።

ማዴይራ ላይ ባሕሩ ከቤት አይጠፋም። የፉንሻል ነጋዴዎች፣ ብዙ እንግሊዞችም ነበሩባቸው፣ መርከብ ሲመጣ ቀድመው ለማየት ከተማው ውስጥ ባለው ቤታቸው ላይ ማማ ይሠሩ ነበር። የገጠር ርስታቸው «ኪንታ» ይባላል፤ ከሙቀቱ ሽሽት ወደ ተራራው ከፍ ይላል። በአንዳንዱ ኪንታ አጥር ጥግ ላይ «ካዚኛ ደ ፕራዜር»፣ የደስታ ቤት፣ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። መስኮቷ ወደ መንገድ ነው። የቤቱ ሴቶች እዚያ ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ያዩ ነበር። እሷ ክፍል ያልፈረሰችበት ኪንታ ካገኛችሁ፣ ለሌላው ጉድለት ትንሽ ልባችሁን አስፉ። አሸዋማ ዳርቻ ግን እምብዛም የለም፤ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ወደ ውሉ እንምጣ። ሜዶክ ላይ ቤቱ ከወይን ማሳ ጋር የሚሸጥ ከሆነ ሳፌር የሚባለው የእርሻ መሬት ተቋም ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው። መልሱን እስከ ሁለት ወር ትጠብቃላችሁ። ሻጩ ስድስት ወር ያላለፈው የምስጥ ምርመራ ወረቀትም ማቅረብ አለበት። ወረቀቱ ቢኖርም የጣሪያውን አግዳሚ በቁልፍ አንኳኩት። ውስጡ ባዶ ከመሰላችሁ ባለሙያ ሳታስገቡ አትፈርሙ። ማሳው ራሱ ሸክም ሊሆን ይችላል፦ ወይኑ ገበያ አጥቶ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሜዶክ ባለበት የጂሮንድ አውራጃ ውስጥ በድጎማ ማሳ እየተነቀለ ነው። ወይን ጠመቃ ሥራችሁ ካልሆነ ቤቱን ከትንሽ ግቢ ጋር ብቻ ፈልጉ።

ፖርቱጋል ላይ ነገሩ የቀብድ ነው። ገዢ ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልሳል፤ በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ ነው። ቤት ገዝቶ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት በ2023 ቀርቷል። ኪንታው ሌቫዳ ከሚባለው የመስኖ ቦይ የውኃ ተራ እንዳለውም ጠይቁ፤ ያለ እሱ አትክልቱ በጋውን አይዘልቅም።

ለመኖር ከሆነ እኔ ኪንታውን እመርጣለሁ። ለማየት ግን ጥር ላይ ሂዱ። ተራራው ጭጋግ ሲለብስ ባሕሩ ስንት ቀን እንደሚጠፋ አትክልተኛውን ጠይቁት።