የ200 ብሩ ፍላሽ

ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ደሴ ላይ የሰርግ ወር ሲገባ እንቅልፍ የለኝም። ሰርግ ሲጠፋ ደግሞ ሙት ዓመት ይመጣል። የሟቹን ፎቶዎች እደረድራለሁ፣ ከሥር ሙዚቃ አስገባለሁ፣ አለቀ። ለሙት ዓመት ለዓመታት የማስገባው አንድ ዘፈን ነው። ሴትዮዋ ስትጀምር እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ።

ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያችኑ ነው፤ «ምን እያለች ነው?» እኔ እንጃ! አንዷ «መንዙማ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጎረቤቴ ዲያቆን ደግሞ «ግእዝ መሰለኝ፤ ግን አንድ ቃል አልያዝ አለኝ» አለ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው «ትራክ 17» ብቻ ነበር። የድሮው ሃርድ ዲስኬ በ2014ቱ ጦርነት ከነኮምፒውተሩ ሄዷል። ይህችን ያተረፍኳት ስልኬ ላይ ስለነበረች ነው።

ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ ወደ አንዲት ጠባብ ዘፈን መጫኛ ቤት ጎራ አልኩ። ስሟን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። ለልጁ ከስልኬ አሰማሁት። አስር ሰከንድ አልፈጀበትም። «ሊሳ ጀራርድ ናት፣ የግላዲያተር ፊልሟ። አብሽር ጋሼ፣ ያላትን በሙሉ በየዓመቱ ለይቼ እጭንልዎታለሁ» አለኝ። 32 ጊጋ ፍላሼን ሰጠሁት። ሒሳቡ 200 ብር። ነገ ያለው መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን ፈጀ። ይሁን፤ መብራቱ የእሱ አይደለም።

ልጁን የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። ያገኘውን ዝም ብሎ አልገለበጠልኝም። ፎልደሮቹን በፈረንጆቹ ዓመት ደርድሯቸዋል። እኔ አንድን ዘፋኝ እንዲህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሰርግ ነበረኝ። የሚኒባሱ ሾፌር ወዳጄ ስለሆነ ፍላሹን ሰካልኝ። የመጀመሪያው ፎልደር 1984 ይላል። ሊሳ የሜልቦርን ልጅ ናት፤ በ1961 ነው የተወለደችው፣ ወላጆቿ ከአየርላንድ የሄዱ ናቸው። ያደገችበት ሰፈር ግሪኩም ሌላውም ስደተኛ የሞላበት ስለነበር ከየቤቱ የየአገሩ ዘፈን ይሰማ ነበር። በ1981 ከብሬንዳን ፔሪ ጋር ዴድ ካን ዳንስ የሚባለውን ባንድ ጀመሩ። በዓመቱ ለንደን ገቡ። የመጀመሪያው አልበማቸው ጊታር የበዛበት፣ ጨለም ያለ ነገር ነው። እውነቱን ልናገር፣ አልወደድኩትም። ሾፌሩም ሐረጎ ሳንደርስ «ኧረ ይሄ ነገር ሊያስተኛኝ ነው፣ ቀይረው» አለኝ።

ወደ 1988 ዘለልኩ። እንደ ኦርጋን ያለ ድምፅ ቀስ ብሎ ይጎተታል፤ ከዚያ እሷ ትመጣለች። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ። ጠመዝማዛውን እየወረድን ነበር፣ ጉሙም ገና አልተነሳም። ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው ቆመ። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታንጎራጉረው? ሰው ሞቶባት ነው?» አሉ።

«አይ እማማ፣ ቋንቋው የራሷ ነው። ከ12 ዓመቷ ገደማ ጀምሮ በራሷ ቋንቋ ነው የምትዘፍነው። ትርጉም የለውም» አልኳቸው።

«እንደ ማሪቱ ናት በለኛ! ማሪቱስ አምባሰልን ስትጀምር መግቢያው ላይ ቃል መች አለው?»

ይህን የሚያክል የሙዚቃ ትንተና የትም አልሰማሁም። እኔ ደግሞ በሙያዬ የገባኝን ልጨምር። ቃል ያለው ዘፈን ከፎቶ ጋር ይጣላል። «ናፈቅሽኝ» የሚል ዘፈን ለአባት ሙት ዓመት አይሆንም። «ሰው ጠላኝ» የሚልማ ቤተሰብ ያጣላል። የእሷ ድምፅ ግን ለማንም ፎቶ ይሆናል። የፊልም ሰዎች የፈለጓት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1998 ባንዱ ተበተነ፤ ፎልደሮቹ ከዚያ በኋላ የፊልም ናቸው። በ1999 ከፒተር ቡርክ ጋር የ«ዘ ኢንሳይደር»ን ሙዚቃ ሠራች። በ2000 ከሃንስ ዚመር ጋር ግላዲያተር መጣ፤ የእኔዋ ትራክ 17 ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ሁለቱም ጎልደን ግሎብ ወስደዋል። ለኦስካር የታጨው ግን ዚመር ብቻውን ነው። እኔን የቆጨኝ እሱ ነው። ሰዉ ከፊልሙ ወጥቶ የሚያንጎራጉረው የማንን ድምፅ ሆነና?

እዚሁ 2000 ላይ የልጁ ስህተት ይጀምራል። ዋሽንት የሚመስል ነገር ብቻ የሚነፋበት ሙሉ አልበም በእሷ ስም ገብቷል። የጂቫን ጋስፓርያን ነው። አርመናዊው የዱዱክ ሊቅ ግላዲያተር ላይም ነፍቷል፤ ልጁ በዚያ ተምታቶበት ይሆናል። አልከፋኝም፣ እንዲያውም ሸጋ ሙዚቃ ነው። ያናደደኝ ሌላ ነው። «ዌል ራይደር» የሚባለው የኒውዚላንድ ፊልም ሙዚቃ ሙሉውን ብቻዋን የሠራችው ነው። በጣም የጓጓሁት ለሱ ነበር። ከፎልደሩ ያገኘሁት አራት ዘፈን ብቻ!

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፍላሹን ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካ ነው የመጣው። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆኑ። ቫይረስ! ሁለት የሰርግ ፕሮጀክት ያለበት ኮምፒውተር ነው። ግማሽ ቀን ሳጸዳ ዋልኩ፤ የሙሽራዋ እናት ስልክ ስትደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ከአምስት ኮከብ ሦስት። ሁለቱን የቀነስኩት ለቫይረሱ ነው፤ የዕውቀቱን ቢሆን አምስት ይገባው ነበር። እዚያ ቤት የምትሄዱ ሰዎች ፍላሻችሁን መጀመሪያ መኪና ላይ ስሙት፣ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አስፈትሹት።

ማታ ዲያቆኑ ቡና ሊጠጣ መጣ። 2004ን ከፈትኩለት፤ ከአየርላንዳዊው ፓትሪክ ካሲዲ ጋር የሠራችው ነው። እዚህ ላይ የራሷን ቋንቋ ትታ በአረማይክ የምትዘምረው አለ። «አብዎን...» ብላ ስትጀምር ዲያቆኑ ስኒውን አስቀመጠ። «አቡነ ዘበሰማያት እኮ ነው! ግእዝ ነው ያልኩህ ዘመዱ ሆኖ ነው!» አለ። ያቺኛዋ ዘፈን ሌላ እንደነበረች ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

የእናቱ ሙት ዓመት ኅዳር ላይ ነው። «ይችን አስገባልኝ» ብሏል። እሺ አልኩ። ፋይሉ ግን ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይቆረጣል። ሰኞ ልጁ ጋ ልመለስ ነው፣ አዲስ ፍላሽ ይዤ።