ቴርሞስታቱ ጠፋ ብላችሁ ፈርነስ እንዳትገዙ

በሚኒሶታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ ቤት ከገዛችሁ ገና ሁለት ሦስት ክረምት ያለፋችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። እኔ በአንድ እሑድ 2,400 ዶላር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ጊዜው ጥር ነው፤ ቦታው ሴይንት ፖል። ስልኬ የውጪውን አየር ከዜሮ በታች 22 ፋራናይት ይላል፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 30 ማለት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ልጄ «አባባ፣ በረደኝ» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ተነሥቼ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቴርሞስታት፣ የቤቱን ሙቀት የምናስተካክልበትን መቆጣጠሪያ፣ ባየው ጭልም ብሏል። ቁጥር የለም፣ ሰዓት የለም። ብጫነው ብጫነው መልስ የለም። ልጆቹ ክፍል ያለችው ትንሽ ቴርሞሜትር 56 ፋራናይት ታሳያለች። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልዬ ስልኬን አነሣሁና መጀመሪያ ብቅ ያለልኝን የማሞቂያ ጥገና ድርጅት ጠራሁ። ስሙን አልጠራም፤ ክርክራችን ገና አላለቀም።

ቴክኒሺያኑ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማው ላይ ሽፋን አጥልቆ ገባ። ለመምጣቱ ብቻ 215 ዶላር ተቀበለ። ከዚያ ቴርሞስታቱን ከግድግዳው ነቅሎ አገላብጦ አየና «ተቃጥሏል» አለ። ምድር ቤት ወርዶ ፈርነሱን፣ ቤቱን የሚያሞቀውን የጋዝ ማሞቂያ፣ አላየም። ይህን ልብ በሉልኝ። ከስልክ ጋር የሚገናኝ አዲስ ቴርሞስታት በ685 ዶላር ገጠመልኝ። ገጥሞ ሲጨርስ የቴርሞስታቱ መስኮት ቦግ አለ፤ ባለቤቴ እልል ለማለት ምንም አልቀራት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከታች ግን ምንም የለም።

ያኔ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። ያለኝ ይህ ነው፦ የፈርነሱ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ ፈርነሱ 17 ዓመት ሆኖታል፤ ይባስ ብሎ እሳቱን ከምንተነፍሰው አየር የሚለየው ብረት ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሊገባ ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ትቶት መሄድ አይችልም። ከሰል ያፈናቸውን ሰዎች ወሬ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለ11,800 ዶላር አዲስ ፈርነስ ፈርሜ 1,500 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ።

ሊወጣ ሲል ባዶ ወረቀት ሰጠኝና «በእጅህ ጻፍ» አለኝ። እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ፦ ቤተሰቤ አስቸኳይ ችግር ላይ ነው፣ ሥራው ቶሎ እንዲጀመር እፈልጋለሁ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ውሉን የመሰረዝ መብቴን ትቻለሁ። ቀንም ፊርማም አኖርኩበት። ሥራውን ለማፋጠን መስሎኝ ነበር።

ማታ ጋሼ መጡ። በሰፈራችን ጋሼ የምንላቸው፣ የአንድ ትልቅ አፓርታማ ጥገና ለረጅም ዓመት የያዙ ሰው ናቸው። ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የፈርነሱን በር ከፍተው «ሰሌዳው ላይ ያለችውን መብራት አየሃት? የተቃጠለ ሰሌዳ እንዲህ አያበራም» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከፈርነሱ ሥር ያለች የጫማ ካርቶን የምታክል የፕላስቲክ ሣጥን በስልካቸው መብራት አሳዩኝ። አፏ ድረስ በውሃ ተሞልታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዝ ቆጣቢ የሆኑት ፈርነሶች ሙቀቱን ከጭሱ ሳይቀር ጨምቀው ስለሚያወጡ ጭሱ ይቀዘቅዝና ውሃ ያንጠባጥባል። ውሃው ሣጥኗ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ትንሽ ፓምፕ በቀጭን ቱቦ ገፍቶ ያስወጣዋል። የእኔ ቱቦ ግድግዳውን አልፎ ደጅ ነው የሚወጣው። ጫፉ በረዶ ሆነ፣ ሣጥኗ ሞላች፣ ውስጧ ያለው ተንሳፋፊ ተነሣ፤ ምድር ቤቱ እንዳይጥለቀለቅ ወደ ቴርሞስታቱ የሚሄደውን 24 ቮልት ቆረጠው። የድሮው ቴርሞስታት የሚበራው በዚያው መስመር ስለነበር ጨለመ። አልተቃጠለም፤ ኤሌክትሪክ ነው ያጣው። አዲሱስ ለምን በራ? የራሱ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አለው። ጋሼ ሳቁብኝ፤ «በድንጋይ በበራ ዕቃ ነው እልል ልትሉ የነበረው?»

ቱቦውን ግድግዳው ጋ ሳይደርስ በቢላዋ ቆርጠው ጫፉን ባልዲ ውስጥ ከተቱት። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውሃው እየተንዶቀዶቀ ባልዲው ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ፈርነሱ ነፋ፣ እሳቱም ተያያዘ። ሥራው ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

እንግዲህ መስኮቱ የጨለመ ቴርሞስታት ስታዩ ስልክ ከማንሣታችሁ በፊት የባትሪ ድንጋዩን ቀይሩ፣ በኤሌክትሪክ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን መስመር ማቋረጫ፣ ብሬከሩን፣ እዩ። ፈርነሱ አጠገብ የመብራት ማብሪያ የምትመስል ማጥፊያ አለች፤ ዕቃ ስትደረድሩ ነክታችኋት ይሆናል። የፈርነሱ በር በደንብ ካልተገጠመም ከኋላው ያለው የደኅንነት ቁልፍ ሁሉን ነገር ያጠፋል፤ የአየር ማጣሪያ ቀይሮ በሩን በቅጡ ያልገጠመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰሌዳው ላይ እንደ መኪና ፊውዝ ያለች ባለ 3 ወይም ባለ 5 አምፒር ፊውዝ ትኖራለች፤ እሷን የምትነኩት ግን ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ ነው። ቴርሞስታቱ በርቶ ሙቀት ከሌለ ደግሞ ማጣሪያው መቆሸሹን፣ ደጅ ያሉትን የፈርነሱን ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧዎች በረዶ መድፈኑን እዩ። የሰሌዳዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ቁጠሩ፤ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል። የጋዝ ሽታ ካለ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ከጮኸ ግን ምንም አትመርምሩ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና 911 ደውሉ። የእኔ ጠቋሚ ያን ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ አልጮኸም ነበር፤ ይህን ማስተዋል የነበረብኝ እኔ ነኝ።

«ተሰንጥቋል» የሚላችሁን ሰው ፎቶ አሳየኝ በሉት። እኔ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላሳየኝም። በኋላ የጠራሁት ሌላ ባለሙያ ካሜራ አስገብቶ አይቶ ስንጥቅ አላገኘም። አንድ ሌሊት በተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይታደራል፤ በማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ ከአልጋ ልብስ አርቁት፣ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውሃውን በቀጭኑ አንጠባጥቡት። ምድጃ ከፍቶ ወይም ከሰል አቀጣጥሎ ማደር ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

አሁን ወደዚያች ወረቀት። ቤታችሁ መጥቶ ለሸጠላችሁ ነጋዴ የፌዴራሉ ደንብ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውል የመሰረዝ መብት ይሰጣችኋል። የጠራችሁትን ጥገና አይመለከትም፤ ከጥገናው አልፎ የተሸጠላችሁን ዕቃ ግን ይመለከታል። ሻጩ የመሰረዣውን ቅጽ በሁለት ቅጂ መስጠት አለበት። ይህን መብት የሚያስቀርባችሁ፣ ጠሪው እናንተ ሆናችሁ አስቸኳይ ችግር እንደደረሰባችሁና መብቱን እንደተዋችሁ በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ ስትፈርሙ ነው። ሰውየው ያን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ለካ አውቆ ነው።

ሰኞ ጠዋት ደውዬ ውሉን ሰረዝኩ። «በእጅህ ጽፈሃል» አሉኝ። ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ አስገባሁ፤ በክሬዲት ካርድ ስለከፈልኩ ባንኩም ክፍያውን እንዲከራከርልኝ ጠየቅሁ። ቀብዱ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። የመምጫውንና የቴርሞስታቱን 900 ዶላር ግን «አገልግሎት ሰጥተናል» ብለው ይዘውታል።

ቱቦውን ወደ ልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ አዙረነዋል፤ ጋሼ ለቱቦውና ለማያያዣው 14 ዶላር አስወጡኝ። የ685 ዶላሩ ቴርሞስታት አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ የድሮውን ሰውየው «እጥልልሃለሁ» ብሎ ይዞት ሄዷል። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ቴርሞስታት ስልኬ ላይ መልእክት ላከልኝ፤ የባትሪ ድንጋዬ እያለቀ ነው ይላል።